ከፋይሉ ራስ ላይ የተገኙት ሦስት ፊደላት

የዶልና ሊፓ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ቃል

ስም፦ ራዶስቲና ቤልቼቫ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የኮምፒውተር ጥገና
አድራሻ፦ ዶልና ሊፓ፣ የላይኛው ወፍጮ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 9
ቀን፦ ሜይ 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.
ጉዳዩ፦ በአቶ ዛፊር ኮሌቭ ስም የቀረበ ጥቆማና የንብ ቀፎዎቻቸው ቃጠሎ
ቃሉን የተቀበለው፦ ኢንስፔክተር አሴን ድራጋኖቭ

ስሜ ከላይ የሰፈረው እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ወደ ጣቢያው መጥቼ፣ ሐሰት ብናገር እንደምቀጣ ተነግሮኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

የምተዳደረው ኮምፒውተር በመጠገን ነው። ከዚያ ሌላ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኜ "ፖዝናይ"፣ "ገምተህ እወቅ" እንደ ማለት፣ የተባለ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። በነጻ የሚታደል፣ ውስጡም ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ሥራው አንድ ፋይል ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ነው። ሥዕልም ጌጥም የለውም፤ በጥቁሩ ገጽ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ አንድ መስመር ይመልሳል። መርማሪው የፋይሉ ስም እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል ብሎ ጠይቆኛል። ስም በማሰሮ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፣ ማር ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ሬንጅ ሊሆን ይችላል፤ ፖዝናይ ወረቀቱን ትቶ ክዳኑን ይከፍታል ብዬ መልሻለሁ። የሚለይበትም ደንብ የሚወጣው ከናሙና ነው። አንድ ዓይነት ፋይሎች ተሰብስበው በፕሮግራሙ ይመሳከራሉ፣ በሁሉም ውስጥ የተገኘው የጋራ ነገር መለያ ይሆናል። በድሮዎቹ የፕራቬትስ ኮምፒውተሮች የተጻፈ ጽሑፍ የሚታወቅበትን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ናሙናዎቼ በልጅነቴ ከነበርኩበት የትምህርት ቤት ክበብ የቀሩኝ ዲስኮች ነበሩ፤ ሌላ አልነበረኝም።

አቶ ቦጎሚል ስታኔቭ፣ ዕድሜያቸው 61፣ በሠርጋችን አክሊል የያዙልን፣ ኋላም ልጄን ክርስትና ያነሡ ኩማችን ናቸው። ባለፈው ዲሴምበር እቤቴ መጥተው "ራዲዬ፣ ይቺ ጠንቋይሽ የድሮ ጽሑፍን በምን ታውቃለች? እስቲ ለእኔም አሳዪኝ" አሉኝ። በእኛ ዘንድ ኩም እምቢ አይባልም። ደስም ብሎኛል፤ በዚህ ከተማ ስለዚህ ሥራዬ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ደንቡን ከፍቼ ፋይሉ ሊይዘው የሚገባውን የቁጥር ተርታ አሳየኋቸው፤ ቁጥሮቹ ምን ፊደል እንደሆኑ እኔም መርምሬ አላውቅም ነበር። በስልካቸው ፎቶ አነሱት።

በፌብሩዋሪ፣ በቅዱስ ትሪፎን ዕለት፣ የወይን ሐረግ ተቆርጦ ሰው ሁሉ በንባብ ቤቱ አዳራሽ ሲጠጣ ኩሜ አንድ ፍሎፒ ዲስክ ይዘው ገቡ። ከቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ጣሪያ ሥር አገኘሁት አሉ። በውስጡ ማርች 1985 የሚል ቀን ያለበት፣ ለደህንነት መሥሪያ ቤት የተጻፈ ጥቆማ ነበረ። የአገራችን ቱርኮች ስም በግድ ይለወጥ፣ ግርዘትም ይከለከል በነበረበት በዚያ ዘመን ቆርቆሮ ሠሪው ኢስማኢል በመሥሪያው ውስጥ ልጁን በስውር እንዳስገረዘ፣ ልጁም በተገለበጠ የመዳብ ድስት ላይ ተቀምጦ ሰዓት እንደተሸለመ ይናገራል። ግርጌው ላይ የአቶ ዛፊር ስም አለ። ኢስማኢል በዚያው ሳምንት ተወስዶ ታስሯል፤ ታሞ ተመልሶ ብዙ አልቆየም። አቶ ዛፊር ጎረቤቱ ነበሩ። በግርዘቱ ዕለት የልጁ ለቅሶ እንዳይሰማ ደጅ ቆመው ጋይዳ የተባለውን የቆዳ ዋሽንት የነፉት እሳቸው ናቸው፣ ከተማውም ይህን እያነሳ ሲያመሰግናቸው ኖሯል።

ኩሜ "ሰው ይዋሻል፤ የራዲ ፕሮግራም ግን ለማንም ፊት አያደላም" ብለው ፋይሉን በሕዝብ ፊት እንዳስመረምር ጠየቁኝ። አስመረመርኩ። ፖዝናይ "የፕራቬትስ ጽሑፍ፣ መቶ በመቶ" ብሎ መለሰ። የኢስማኢል ሴት ልጅ ወ/ሮ ሰቪም ተነሥታ "የሰዓቱን ነገር ከቤተሰብ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህን የጻፈ ሰው በዓይኑ ያየ ነው" አለች። አቶ ዛፊር "ልጄ፣ እኔ እኮ ደጅ ነበርኩ። ሰዓት የሚባል ነገር አላየሁም" አሉ። እሷም ታላቅ ሰው በሚጠራበት "ባይ" ጠርታ "በእናቴ ገበታ ስንት ዓመት በላህ፣ ባይ ዛፊር? እንዴት ከጉሮሮህ ወረደ?" ብላቸው ወጣች።

ከዚያ ወዲህ አቶ ዛፊርን ሰላም ያላቸው ሰው የለም። በማርች ቀፎዎቻቸው ተቃጠሉ። ማን እንዳቃጠለ አላውቅም። ወ/ሮ ሰቪም "አላቃጠልኩም፤ ለማጥፋትም አልሄድኩም" ብላኛለች። አቶ ዛፊር ጋይዳቸውን በገዛ እጃቸው ምድጃ ውስጥ ከተውታል። አሁን ከቤት አይወጡም።

ባለፈው ወር ከሩሴ ከተማ አንዲት በጎ ፈቃደኛ፣ ከአንድ ፋብሪካ ቢሮ የተገኙ የፕራቬትስ ጽሑፎች ልካልኝ "ፖዝናይሽ ታውሯል እንዴ? አንዱንም አላወቀ" ብላ ጻፈችልኝ። ተናደድኩ። ሳመሳክር ግን በእኔ ናሙናዎች ሁሉ ራስ ላይ ለአንባቢ የማይታዩ ሦስት ፊደላት አገኘሁ። በእሷ ፋይሎች ላይ የሉም። ፖዝናይ መለያ አድርጎ የያዘው እነሱን ኖሯል። የአቶ ዛፊር የተባለውን ጥቆማ ከፈትኩ። ፊደላቱ እዚያም አሉ።

የክበባችን አስተማሪ ለነበሩት ለወ/ሮ ጊንካ ማሪኖቫ ደወልኩ። ሳቁብኝ። "በዲስኬ በምትጽፉት ሁሉ ራስ ላይ የክበቡ ስም መነሻ ፊደላት በስውር እንዲገቡ ያደረግኩ እኔ ነኛ! ዲስኬን እየሰረቃችሁ እቤታችሁ ስትጽፉ በምን ልያዛችሁ ኖሯል?" አሉኝ። መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው ክበቡ በተከፈተበት በ1988 መኸር ነው አሉ። ከዚያ በፊት ያ ምልክት በየትም አልነበረም። ስለዚህ በ1985 ተጻፈ የተባለው ጥቆማ ኋላ፣ የእኔን ደንብ አይቶ ባበጀው ሰው የተፈጠረ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኩሜ ቤት ሄድኩ። የቲማቲም ችግኝ ይተክሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። "ፕሮግራሙ ለዓለም ክፍት ነው ትዪ የለ? እንግዲያ ዓለሙን ሁሉ ክሰሻ!" አሉኝ። ከዚያ ራኪያ የተባለውን አረቄ ቀዱልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ደንቡን የጻፈው እጅ የማን ነው? ፖሊስ ማንን የሚያስቀድም ይመስልሻል? ደግሞስ ኩም ይከሰሳል እንዴ፣ ራዲዬ?" አሉ። ፈራሁ። ራኪያውን ሳልቀምስ ወጣሁ።

በጓሮ በኩል ስወጣ በአሮጌው በረት አለፍኩ። በረቱ የአባታቸው ነበር፤ ከኢስማኢል መሥሪያ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ከግርግሙ በላይ ትንሽ መስኮት አለች። ቆሜ ተመለከትኩባት። የመሥሪያው ወለል እስከ ጥግ ይታያል።

ጥቆማው ሐሰተኛ ነው፤ የሚናገረው ነገር ግን እውነት መሆኑን ወ/ሮ ሰቪም መስክራለች። ደጅ የነበረ ሰው ሰዓቱን አያይም። እንግዲህ ይህን ጥቆማ ዘንድሮ የፈጠረው ሰው የያኔው ጆሮ ጠቢ ያየውን ያየ ነው። መርማሪው ለምን አሁን ብሎ ጠይቆኛል። ወ/ሮ ሰቪም የአባቷ መዝገብ እንዲገለጥላት ባለፈው መኸር አመልክታለች፤ መልሱ በዚህ ወር ይጠበቃል፤ ከመጣም የያኔው ጠቋሚ ስም ይወጣል። ማመልከቻውን ስትጽፍ የረዷት ኩሜ ናቸው።

ኩሜ ሲያደርጉት አይቻለሁ አላልኩም፤ የጠረጠርኩትን ከነምክንያቱ ተናግሬአለሁ። እኔም ከተጠረጠርኩ ኮምፒውተሬ ይፈተሽ። ይህ ቃል በንባብ ቤቱ አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት እንዲነበብ እጠይቃለሁ፤ የአቶ ዛፊር ስም የጠፋው እዚያ ነውና። መርማሪው "ኩሜ" የሚለውን "ተጠርጣሪው" ብዬ ልተካው ወይ ብሎኛል። እንዳለ ይቀመጥ ብያለሁ። ክርስትና ያነሡልኝ ልጅ ይህን አንድ ቀን ያነበዋል፣ ማን እንደነበሩ ይወቅ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የጨመርኩትም የሸሸግኩትም የለም። ቶሎ ፈርሜ እንድወጣ ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ወ/ሮ ሰቪም ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀኛለች፤ ከዚህ የምንሄደው ወደ ባይ ዛፊር ቤት ነው። በሩን ማናችን እንደምናንኳኳ ግን ገና አልተስማማንም።

የምስክር ፊርማ፦ ራዶስቲና ቤልቼቫ
የመርማሪ ፊርማ፦ ኢንስፔክተር አሴን ድራጋኖቭ