ወይ ሠራተኛ፣ ወይ ታካሚ

የምስክር ስም፦ ትንሣኤ ወልደሥላሴ
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ
አድራሻ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ 02 ቀበሌ
ቀን፦ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ቢቾክ

የተጠራሁት ነርስ ጋች መርፌውን ከመውጋቱ በፊት በክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ምን እንዳየ እንዳስረዳ ነው። ያየው ባዶ መዝገብ ነው። ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ባሮ ወንዝ ዳር ላለው የግል ክሊኒክ የመመዝገቢያ ፕሮግራም የሠራሁት አምና ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ‹ሰው› የሚል ክላስ፣ ማለትም የመዝገብ ዓይነት፣ አበጅቼ ከሥሩ ‹ሠራተኛ› እና ‹ታካሚ› የሚሉ ሁለት አወጣሁ፤ ማንም ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። አዋላጇ ሲስተር ዲቦራ ኦጁሉ በሙከራው ዕለት አጠገቤ ቆማ፣ "እኔ ወባ ሲይዘኝ እዚሁ ነው የምተኛው። ያኔ እኔ ማን ነኝ?" አለችኝ። "ሲስተር፣ አንቺንማ ወባም ይፈራሻል" ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ሰውየውን አንድ አድርጎ ሥራውንም ሕመሙንም እንደ ጋውን ከላይ መደረብ እንደሚቻል አውቅ ነበር። እንደገና መጻፉ ሰለቸኝና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውር ቁልፍ ጨመርኩ። ሲዛወር የፊተኛው መዝገብ ይጠፋል።

በጥቅምት ዲቦራ ታማ ተኛች። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ሲወጓት ፊቷ አብጦ መተንፈስ ስላቃታት፣ ያከማት ሐኪም ዳግም እንዳይሰጣት ፕሮግራሙ ላይ ጻፈ። እሱ አሁን ወደ ጎግ ወረዳ ተዛውሯል። በማግስቱ ደም የሚፈሳት ወላድ መጣች፤ ሌላ አዋላጅ አልነበረም። ፋርማሲው ያለ ሠራተኛ ትእዛዝ መድኃኒት አያወጣም፣ ዲቦራ ደግሞ ታካሚ ሆናለች። ጉሉኮሱ እጇ ላይ እንዳለ ተነሥታ ቁልፉን ተጫነችና ወደ ሠራተኛነት ተመለሰች። ወላዷም ልጇም ተረፉ። የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ግን ጠፋ።

ባለፈው ማክሰኞ ዲቦራን ራሷን ስታ በባጃጅ አመጧት። ጋች ስሟን ሲፈልግ ሠራተኛ ሆና አገኛት። ታካሚ አድርጎ አዛወራት፤ ክልከላ ስላላየ የታዘዘውን ያንኑ መርፌ ወጋት፣ ሞተች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚሁ ጣቢያ ታስሯል። ዛሬ ስገባ በመስኮት አይቶኝ እንደ ወትሮው ሰላም አለኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

"ተጠርጣሪም ተብዬ ልመዝገብ" ብዬ ስጠይቅ ሳጅን ቢቾክ፣ "ወይ ምስክር ነህ፣ ወይ ተጠርጣሪ። በአንድ ቃል ላይ ሁለቱን አልጽፍም" ብሎኛል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። አልተሟላም የምለው ከስሜ በፊት ‹ምስክር› የሚለው ብቻውን መቆሙን ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ____________
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ____________