የይርገዱ ዋሶች

የታከለን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፍርድ ቤት አገደበት፤ ለልጆቹ ቀለብ አልከፍልም ስላለ። "ያለ መኪናዬ ሞቻለሁ፣ ለምኑልኝ" ቢለን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን በሸሪዓ ወደፈታት ሚስቱ፣ ወደ ይርገዱ ሄድን። እግዱን እንድታስነሳለት ለመንናት፤ እኔማ ድንጋይ የሚያስለቅስ ንግግር አደረግሁ።

ይርገዱ ጉልበታችንን ስማ፣ "በሰደር፣ እሺ አባቶቼ፣ ለእናንተ ስል ነገውኑ አስነሳለታለሁ። ግን በአገራችን ደንብ ዋስ ጥሩልኝ፤ እሱ ባይከፍል ልጆቼን ማን ያበላል?" አለች።

ጢሜን እየጎተትሁ ባስብ ባስብ ሌላ ዋስ አጣሁ! በመጨረሻ "እኛው ነና!" አልኋት፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲያ ወር በገባ ቁጥር ሦስታችንም ከነምርኩዛችን ታከለ በር ላይ ነን። አንድም ወር ሳይከፍል አላሳለፈም። ፍርድ ቤት የያዘበት መንጃ ፈቃዱን ብቻ ነበር፤ ይቺ አንበሳ ግን ሦስት ሽማግሌ መደበችበት!