በግማሽ ደቂቃ የተመደቡ ልጆች

ምዝገባ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ካፖርቴን ላወጣ ላውንደሪ ቤት ብገባ የሰፈራችንን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አገኘኋቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ነገር ጀመርኩ፤ ጠባዬ ነው።

«ዘንድሮም አዲስ ገቢዎችን የሚመድቡት አንድ መስመር አስነብበው ነው?»

«ታዲያስ! ሁለተኛ ክፍል ብቻ መቶ አሥር ልጅ አጭቄ ማንን ስፈትን ልዋል? ፊቴ ቆሞ ያንብብ። ካነበበ ወደ ክፍሉ፣ ከተንተባተበ ወደ ታች ክፍል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።»

«ሽንኩርት የሚገዛ ሰው እንኳ ከዚያ በላይ ያገላብጣል።»

«አንተ ጋዜጣ ላይ ትጮሃለህ፤ መቀመጫ የምፈልገው እኔ ነኝ።»

ልብስ የምትተኩሰው ወጣት ካውያዋን አቆመች።

«ጋሼ፣ ነገ ታናሽ እህቴን ይዤልዎ እመጣለሁ። ሌላ ትምህርት ቤት አራተኛን ጨርሳለች። ግን አፋር ናት፤ እባክዎ እንደኔ እንዳያደርጓት።»

«እንዳንቺ?»

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እኔም አራተኛን ጨርሼ መጣሁ። ፊትዎ ስቆም ድምፄ ጠፋ፤ ሁለተኛ ክፍል አስገቡኝ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለ። ሕፃናቱ ‹እማማ› አሉኝ። ሦስት ሳምንት ቻልኩት፤ ከዚያ ቀረሁ።»

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ፣ ልጄ?»

«መናገር ብችልማ አነብልዎ ነበር።»

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«እስቲ ይንገሩኝ» አልኩ። «ሁለተኛ ክፍል ካሉት መቶ አሥር ልጆች ከላይ የወረዱት ስንት ናቸው?»

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ጣት አልበቃቸውም። «ሠላሳ... ሠላሳ አምስት ይሆናሉ።»

«አምስተኛ ክፍልስ ስንት ልጅ አለ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«እንግዲህ ክፍሉን ያጣበቡት ራስዎ ነዎት! ከእኩዮቻቸው ጋር ያስገቧቸው። ሁለት ሳምንት መምህሩ ደብተራቸውን ይመልከት፤ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያስነብባቸው። የደከመውን ከሰዓት በኋላ ለብቻው ማስጠናት ነው እንጂ ከሕፃን ጋር መደርደር ምን ያስተምረዋል?»

ዳይሬክተሩ ወደ ወጣቷ ዞሩ።

«ነገ ንባብ የለም» አሉ። «እህትሽ አምስተኛ ትገባለች። አንቺም... የማታ ትምህርት አለ'ኮ።»

«ማታም እዚሁ ነኝ፣ ጋሼ» አለችና ካውያዋን አነሳች።

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። የወረዱት ልጆች ወደየእኩዮቻቸው ተመልሰዋል። ሁለተኛ ክፍል አሁን ሰባ ስድስት ልጅ ይዟል፤ መምህርቷም የሁሉንም ደብተር ታርማለች። አፍሮ የቀረ ልጅ አልሰማንም። እህትየዋ በአሥረኛው ቀን ለጎኗ ልጅ፣ በወሩ ለክፍሉ ሁሉ አነበበች። ለዚህ ሁሉ አንድም ግድግዳ አልተሠራም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ስለ ትምህርት ቤት መጣበብ ስድስት ዓመት ሙሉ በቁጣ ስጽፍ፣ የለበስኩትን ሸሚዝ የተኮሰችው ልጅ ትምህርቷን ከስንተኛ ክፍል እንዳቋረጠች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።