ይተዉት፣ እኔ ልሥራልዎት

ደህና ዋልሽ የኔ እህት? ይኼ መስኮት ዛሬም አልተሠራም እንዴ? በዚህ ነፋስ ሙጫሽ ከብሩሹ ሳይወርድ ይደርቅብሻል እኮ። አትነሺ፣ አትነሺ፣ ወንበሩን እኔው እስበዋለሁ። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው... ደግ አደረገ፤ ከእንግዲህ የምድር ቤቱን ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ እሱ አይደል? የልጆች ክፍል ያለውን መሳቢያዬን ባዶ ላድርግ ብዬ ነው፤ ትርፍ ካርቶን ካለሽ ስጪኝ። ትልቅ አይሁን። መነጽር፣ መቀስ፣ ልጆቹ የሣሉልኝ ሥዕል... ምን ንብረት አለኝ ብለሽ ነው?

ምነው ዝም አልሽ? አዝነሽልኝ ነው? ኧረ አትዘኚ፣ ያመጣሁት በገዛ አፌ ነው። ኃላፊያችን ሰብስቦን «የልጆች ክፍልን የሚይዘው አዲሱን የድረ ገጽ ሰሌዳ ማንቀሳቀስ የቻለ ነው፤ ያልቻለ ምድር ቤት ወርዶ የቆዩ ጋዜጦችን ይጠብቃል» ሲል ነበርሽ አይደል? ታሪክ እናነብላቸዋለን፣ ልጆቹ የተሰማቸውን በታብሌት ይጽፋሉ፣ ጽሑፉ እንደ ቁራጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ የሌላውን አይቶ ይመልሳል። ደስ ሲል! እኔም «ይቺማ ምን አላት» ብዬ እጄን አወጣሁ። ዕድሜ ልኬን በዚህ ቤተ መጻሕፍት አንባቢና ጽሑፍ ሳገናኝ ኖሬ ይኼ ያቅተኛል? አልኩ። አፌ ድሮም ከእጄ ይቀድማል።

የመጀመሪያ ቀን ያደረግኩትን ልንገርሽ? ሳትስቂ ታዲያ! ጣቴን በምላሴ አርሼ ስክሪኑን ልገልጠው ሞከርኩ። ሳትስቂ አልኩሽ እኮ! ለምሳ ስነሳ ደግሞ፣ ያቆምኩበት እንዳይጠፋኝ ብዬ ላፕቶፑ መሐል ቁራጭ ወረቀት አስገብቼ ከደንኩት። ስመለስ ወረቀቱ አለ፣ ሰሌዳው የለም። እንዲህ ያለ ተማሪ ሰው አያሳብድም? ሰሌዳውን እንድታለማምደኝ ኃላፊው የመደባት ወጣቷ አስተማሪዬ ግን አላበደችም። አንዳንዴ ለሷ ነው የማዝነው።

ምን የመሰለች አስተማሪ መሰለችሽ! ታጋሽ... ጨዋ... አንቱታዋ አንድ ቀን ተጓድሎ አያውቅም። «ይተዉት፣ እኔ ልሥራልዎት» ትለኛለች። ማውሱን ከእጄ የምትነጥቀው እንኳ በአንቱታ ነው! ስንቱ በአንቺና በአንተ ይነጠቃል፤ እኔ ተከብሬ ተነጠቅኩ። ምን ጎደለብኝ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ... እሷ ግን ርኅሩኅ ናት፣ እንቁላሉ እንዲደክም አትፈልግም፤ አቅፋው ትሮጣለች። ጣቷ ሲፈጥን! ትክ፣ ትክ፣ ትክ... «አዩት?» ትለኛለች። «አየሁት» እላለሁ። ምኑን አየሁት? ፊቴ ስለቆመች የሹራቧን ጀርባ ነው ያየሁት። ጥሩ ሹራብ ነው፣ ክሩም ወፍራም ነው።

ዓይንሽን ወደዚያ ጥግ፣ ወደ ሹራቡ ምን ወሰደው? የማንን ስም ጠራሁ? ደግሞ ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሰካ ሰው ምን ይሰማል? ቢሰማስ... ምስጋና አይደል እንዴ የማወርደው? ሰው በምስጋና ይቀየማል? አየሽ፣ ይኸው አወለቀችው። እሰይ፣ ጆሮም ማረፍ አለበት።

እና ያን ቀን... አንቺ እዚህ ጥረዛ ላይ ስለነበርሽ አላየሽም። ኃላፊው ከኋላ ተቀመጠ፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ፣ አስተማሪዬ ከጎኔ፣ «ምናልባት ካስፈለግኩ» ብላ። ታሪኩን አነበብኩላቸው። ሰሌዳውንም ከፈትኩት... በራሴ እጅ፣ ማንም ሳይነጥቀኝ! ጽሑፉ ግድግዳው ላይ እንደ ጉድ ይፈላ ጀመር። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ገሚሱ ተጣሞ፣ ገሚሱ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ። ምን ያደረግኩ ይመስልሻል? አንቺም የቤተ መጻሕፍት ሰው ነሽና ገምቺ! ... ደረደርኳቸው። በሀ የሚጀምር ከላይ፣ በለ የሚጀምር ቀጥሎ። ልጅ ገና እየጻፈ፣ ጽሑፉን ከሥሩ መዝዤ ወደ ቦታው እወስደዋለሁ። «ሸሸብኝ!» ይላል አንዱ። «የኔስ የት ገባ?» ትላለች ሌላዋ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ የቀረ መጽሐፍ መስሎኝ፣ ላቤ ጠብ እስኪል እሰበስባለሁ!

እሱስ ይሁን። ሦስት ልጆች «ኤሊዋን ወደድኳት» ብለው ጽፈው አገኘሁ። አንድ ዓይነት! በኛ ቤት ተደጋጋሚ ቅጂ ሲበዛ ምን ይደረጋል? ይወገዳል። አንዱን አስቀርቼ ሁለቱን አስወገድኩ። ካስወገድኳቸው አንዱ የዚያች ድምፅዋ የማይሰማ ትንሽ ልጅ ነው ለካ... ሰው ፊት ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነበር። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ቅጂው አለ እኮ የኔ ቆንጆ» እላታለሁ፤ አሁን ይኼ ማጽናኛ ነው?

እንግዲህ የአስተማሪዬን ደግነት ስሚ። ያ ሰሌዳ የጠፋውን የሚመልስ ምልክት አለው አሉ። አንዴ ጠቅ ቢያደርጉት የልጅቷ ጽሑፍ እንደነበረ ይመለስ ነበር። አስተማሪዬ አጠገቤ ነበረች። እጇ ደግሞ... ያ የኔን ማውስ ሳይነካ የማይውል እጅ... ጉልበቷ ላይ ተጣጥፎ ቁጭ! ዝምታ ወርቅ ነው አይደል የሚባለው? ያን ቀን ስንት ወርቅ ሰብስባ እንደገባች እንጃ። ኃላፊው ከወጣ በኋላ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ፣ «በዚህች ይመለስ ነበር እኮ» አለችኝ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» ብላት «አልጠየቁኝማ» አለች። እውነቷን ነው! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ማን ይወዳል? ለኃላፊውም ስለኔ ምን ብላ እንደተከራከረችልኝ ሰምተሻል? «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በሳቸው ዕድሜ ይኼን መጠበቅ አልነበረብኝም» አለች። ጥፋቱን እሷ ወሰደች፣ ክፍሉን ደግሞ... እሱንም እሷው ወሰደች። ሸክም ትወዳለች፣ ምን ታድርግ?

እኔ ምድር ቤቱ አይደለም የሚከፋኝ። ጋዜጣ አያለቅስ፣ አይሸሽ፤ እንደልቤ እደረድረዋለሁ። የሚከፋኝ ያቺ ትንሿ ናት። ነገ መጥታ ስታጣኝ፣ ጽሑፌን ያጠፋችው ሴትዮ ሄደችልኝ ብላ ደስ ይላት ይሆን? ይቅርታ እንኳ በወጉ አላልኳትም። ልጆቹን ትቼ መሄዱ ከብዶኛል፤ ለሌላ ሰው ብስቅም አንቺን አልዋሽሽም።

ድሮ ደግሞ እዚያው ምንጣፍ ላይ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ታስታውሻለሽ? ገጽ የምትገልጠው ቦጭቃ ነበር። እሷ ስትቦጭቅ፣ አንቺ ስትለጥፊ... ሁሉም «መጽሐፉን ተቀበያት!» ይለኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ጣቷን በጣቴ ይዤ፣ ከጥጉ ነው የኔ ልጅ፣ ቀስ... እያልኩ፣ እስክትለምደው ድረስ። አንድም ቀን ከእጇ ወስጄ አልገለጥኩላትም። ኋላ አደገች፣ ተማረች፣ ቁም ነገረኛ ወጣት ሆነች አሉ። ባጎረስኩ ተነከስኩ የሚል ሰው አለ... እኔ አልልም። የት እንደደረሰችም ረስቻለሁ። ዕድሜ ነው፣ ተብሎልኝ የለ?

በይ ልውረድ። ሳልመርቅ ግን አልሄድም፤ ደግ ያስተማረው ሰው መምህሩን ሳይመርቅ አይወጣም። ፈጣሪ ዕድሜዋን ያርዝምላት፣ ከኔም ዕድሜ አልፋ ትሂድ። ጠጉሯ በክብር ይሸብት። ዓለም መቼም አታርፍም፤ ያኔም አንድ አዲስ ነገር መምጣቱ አይቀርም... ያኔ እንግዲህ፣ ዓይኗ ሲደክም፣ ጣቷ ሲያመነታ፣ የምትወዳቸው ልጆች ፊቷ ተቀምጠው ሲጠብቋት... ከጎኗ ሌላ ሰው አያስቀምጥባት። ልክ እሷን የመሰለች፣ ቁርጥ ራሷን የሆነች አስተማሪ ይስጣት። አሜን በይ እንጂ!