ውኃ አፍሳሿ እና የባለቤታቸው ወንበሮች

ታላቅ እኅታችንን ለመሸኘት ሥራችሁን ትታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ በቤተሰቡ ስም ምስጋና እያቀረብኩ፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው የሕይወታቸውን ታሪክ አነብላችኋለሁ። ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁትን የእደ ጥበብ ከያኒያንም አመሰግናለሁ፤ ምንም እንኳ ብዙዎቻችሁን ያመጣችሁ በመጽሐፋቸው ሁለተኛ እትም ውስጥ መግባት አለመግባታችሁን የማጣራት ጉጉት መሆኑን ባውቅም።

እኅታችን ከቆርቆሮ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወልደው፣ ከአባታችን ሱቅ በስተጀርባ በነበረች፣ መዶሻ ባረፈ ቁጥር ግድግዳዋ በሚንቀጠቀጥ ጠባብ ክፍል ውስጥ አደጉ። አባታችን የሠሩትን ጆግና ባልዲ ሁሉ ውኃ ሞልተው በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ያሳድሩ ነበር፤ ጠዋት ጋዜጣው ረጥቦ ከተገኘ ዕቃውን ያለ ርኅራኄ ጨፍልቀው እንደገና ይሠሩታል። ጋዜጣውን የመዳሰሱ ሥራ የእኅታችን ስለነበረ፣ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የሚያፈሰውን ዕቃ ከማያፈሰው መለየት ዐወቁ።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው በባህል መሥሪያ ቤት እንደተቀጠሩ፣ አገሪቱን እየዞሩ የዘመኑን የእደ ጥበብ ከያኒያንና ሥራዎቻቸውን አጥንተው መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። አለቆቻቸው የጠበቁት ፎቶግራፍና ሙገሳ ነበር። እርሳቸው ግን በየደረሱበት ማሰሮውን ውኃ እየሞሉ፣ ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ፣ ብርድ ልብሱን እየለበሱ ይፈትሹ ስለነበረ፣ ከያኒያኑ ከኋላቸው «ውኃ አፍሳሿ» ይሏቸው ጀመር፤ ይህንንም ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ።

ያዩት ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስመ ጥር የሆነ አንድ ሸክላ ሠሪ፣ ማሰሮው ጠረጴዛቸውን ሲያርሰው፣ ማፍሰሱ የዘመኑን ሰው ባዶነት የሚገልጽ መሆኑን አብራራላቸው፤ እርሳቸውም መወልወያ ሰጡት። አንዲት ሸማኔ የተቦጫጨቀ ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቅላ «ዝምታ» ብላ ሰየመችው፤ እኅታችን ለብሰውት አምሽተው ጉንፋን ይዟቸው ተመለሱ። በውጭ አገር ጭምር የተሸለመው ቅርጫት ሠሪ ቅርጫቱን ሰጥቷቸው ገበያ ይዘውት ሲወጡ፣ የቅርጫቱ ታች ተቀዶ የገዙት ሽንኩርት ቁልቁል መንገዱን ሲንከባለል፣ አብሯቸው የወጣው ቅርጫት ሠሪ ለማንሣት ጎንበስ እንኳ ሳይል ፎቶ አነሣና በሚቀጥለው ዐውደ ርእይ አዲስ ሥራዬ ነው ብሎ አቀረበው። እንግዲህ ይህ ሁሉ አፈ ጮሌ፣ እጁ የማይችለውን ምላሱ እየጨረሰለት የሚኖር ሁሉ፣ ከመጽሐፉ ውጭ ቀረ። የገቡት እፍኝ የማይሞሉ ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዷ ማንኪያ የምትጠርብ፣ ከያኒ መባሏን ስትሰማ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ዘወር ያለች ሴት ነበረች።

በዚሁ ዙረት ላይ ሳሉ ነው በቀኜ በኩል ከተቀመጡት ባለቤታቸው ጋር የተገናኙት። ባለቤታቸው አናጢ ሆነው ሳሉ ራሳቸውን ቀራፂ የሚሉ፣ ስለ ሥራቸው ከተጠየቁ የማያባሩ ሰው ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። ያቀረቡላቸው ወንበር በመደገፊያው ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር የተቀረጸበት ሲሆን፣ እኅታችን ደገፍ ሲሉ የንስሩ ምንቃር ከትከሻቸው በታች ወጋቸው። ለምን እንዳገቧቸው እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ሲጠየቁ ግን ሰውዬው ከወንበሩ ይሻላል ብለው ይመልሱ ነበር።

መጽሐፉ ሲታተም የባለቤታቸው ስም አልነበረበትም። ባለቤታቸውም ከዳር እስከ ዳር ገልብጠው ካዩት በኋላ ወደ ጓዳ ገቡ፤ በዕለቱ ምሳ አልበሉም። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው ሁሉ ወደ መጽሐፉ ለመግባት መሞከር ሆነ። ባለ አንበሳ ወንበር፣ ባለ ፒኮክ ወንበር፣ የወይን ዘለላ የተንጠለጠለበት ወንበር በየጊዜው እየሠሩ ሲያቀርቡ፣ እኅታችን ይቀመጡና ብዙም ሳይቆዩ ተነሥተው «ቆንጆ ነው» ይሏቸዋል፤ ከእርሳቸው አፍ ከዚህ የከፋ ስድብ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሳሎኑ በወንበር ተጨናንቆ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ላይ ይቀመጥ ነበር። በዚህ ቤት ያደጉት ሴት ልጃቸው የቧንቧ መሐንዲስ፣ ወንድ ልጃቸው ደግሞ የጥርስ ሐኪም ሆነው ከኪነ ጥበብ በደኅና አምልጠዋል።

በመጨረሻ እኅታችን ልባቸው ደክሞ ሳንባቸው ውኃ መቋጠር ሲጀምር፣ ጋደም ማለት አቅቷቸው ቀንም ሌትም ቁጭ ብለው እንቅልፍ አጡ። ያን ጊዜ ባለቤታቸው አንበሳውንም ፒኮኩንም ንስሩንም ፈነቃቅለው፣ የሚስታቸውን ጀርባ በሲባጎ ለክተው፣ ከዚያው እንጨት አንድ ጌጥ የሌለው፣ ሣጥን የመሰለ፣ ለዐይን የሚያስጠላ ወንበር ሠሩ። እኅታችን ተቀመጡበት፤ ደገፍ አሉ፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተኙ። ሲነቁ ባለቤታቸው ወጥ ቤት ሾርባ እያሞቁ ስለነበረ፣ ለእኔ ለብቻዬ እንዲህ አሉኝ፦

«ይኼ ሰውዬ ወንበር ሠራ። ለሁለተኛው እትም ጻፍልኝ። ግን እኔ ሳልሞት እንዳትነግረው፤ ቅርጽ ልጨምርበት ብሎ ይነሣል።»

ታላቅ እኅቴ ናቸውና ታዘዝኩ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ያረፉ ስለሆነ፣ አደራዬን ለመፈጸም በቃላቸው ያጻፉኝን፣ በሁለተኛው እትም የሚጨመረውን ብቸኛ ሥራ አነባለሁ፦ «ወንበር። ሠሪው ባለቤቴ። ተቀምጬበታለሁ፤ አልተነሣሁም።»

ከፊት ረድፍ ያላችሁ፣ የምትጠብቁት ይህ ከነበረ መሄድ ትችላላችሁ።

እኅታችን ባለቤታቸውን ወንበር ሠሪውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተውን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ምንቃር በማይወጋበት ማረፊያ ያስቀምጥልን፤ ለአማቼም መጽናናትን ይስጥልን።