የሽማግሌው ጥምጥም

አንድ ቃል ብዋሽ ዕድሜዬ ይጠር! የልጅ ልጄ ሰሚራ ጩኸት ያማታል፤ ድምፅ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ካርቱም መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ ያለው፣ ሰው አሳፍሮ ሰማይ ላይ የሚሽከረከረው ትልቁ ጎማ ላይ ካልወጣሁ ብላ ግን ዓመት ሙሉ ነዘነዘችኝ። ወሰድኳት። የድምፅ ማጉያው አባይን ወደ ኋላ ይመልሳል! ጎማው ስር ስንደርስ ቁጭ አለች። "በቃ እንመለስ፣ እናቴ" ስላት፣ ጎማውን የሚያዞሩት ሱዳናዊ ሽማግሌ "ያ ሀጅ፣ ምን ሆነች?" አሉኝ በአረብኛ። ነገርኳቸው።

ጥምጥማቸውን ይፈቱት ጀመር፤ ከካላክላ ሰፈር ሶባ ሰፈር የሚደርስ ጨርቅ! መላጣቸውን ለዚያ ፀሐይ ሰጥተው ጆሮዋን ደራርበው ጠመጠሙላትና "ያላ፣ አሁን ሼኽ መሰልሽ፤ ተሳፈሪ!" አሏት። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ላይ ስንደርስ ሰሚራ ከት ብላ ሳቀች፤ እኔም በሁለት እጄ ለሽማግሌው አውለበለብኩ።

እሺ፣ ማውለብለቡን ፈጥሬዋለሁ። ሁለቱም እጆቼ የሰሚራን ቀሚስ ጨብጠው ነበር።