ከዘጠኝ ሰዓት በፊት

አማቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። በሁዳዴ ግን «ኪኒን ምግብ አይደለም» ብለው ጠዋት ይውጡትና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ረቡዕ ዕለት ምስር እየለቀሙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ነጠላቸው በላብ ራሰ። «እማማ፣ ምን ሆኑ?» ብላቸው «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ያዘልኩት የልጅ ልጃቸውን ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ «ሳይበሉ ከዋጡት ኪኒኑ ስኳራቸውን ከልክ በታች ያወርደዋል፤ እንዲህ ካደረጋቸው ቶሎ ስኳር ስጫቸው» ያለችኝ ትዝ ብሎኝ በውሃ በጠበጥኩና እየለመንኩ ፉት አስባልኳቸው።

ቆይተው ዓይናቸው ወደኔ ተመለሰ።

«ጾሜን አስገደፍሽኝ?»

«አዎ እማማ።»

«ለንስሐ አባቴ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ እንደሁ ነገም እጾማለሁ።»

ይኸው ዛሬም ኪኒናቸውን ዋጡ። እኔም ስኳር በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ የሄዱበት እየሄድኩ እጃቸውን አያለሁ።